ዲዲቲ ነፍሳት ገዳይ መሆኑን የደረሰበት ኬሚስት፣ ፖል ሙለር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሰውየውም ስለ ዱቄቱም ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፖል ሙለር ማን ነው?

የስዊዘርላንድ ኬሚስት ነው። ሙሉ ስሙ ፖል ሄርማን ሙለር ይባላል። ጃንዋሪ 12 ቀን 1899 ኦልተን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ በ1965 ኦክቶበር ላይ ባዝል ውስጥ አረፈ። ስሙን ያስጠራው አንድ ነገር ነው። ዲዲቲ የሚባለው ውህድ ነፍሳትን በመንካት ብቻ እንደሚገድል በ1939 ደረሰበት። ለዚህም በ1948 ኖቤል ተሸለመ።

ዱቄቱን የማያውቅ የለም፤ ሰውየውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኛ አገር ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው «ወባ ማጥፊያዎች መጡ» ሲባል የቤቱ ዕቃ ሁሉ ወጥቶ ደጅ ሲከመር፣ ማታ ደግሞ ግድግዳው ነጭ ነጭ ሆኖ ሽታው ሲከብድ ያስታውሳል። ነገሩን ከሙለር ጋር ግን የሚያያይዘው አልነበረም፤ ስሙን ማን ያውቀዋል?

ትምህርቱስ? ጎበዝ ተማሪ ነበር?

አባቱ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሙለር በ1916 ትምህርቱን አቋርጦ ድራይፉስ በሚባል ኩባንያ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በዓመቱ ሎንዛ ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ተዛወረ። በ1918 ወደ ትምህርት ገበታ ተመለሰ፣ በቀጣዩ ዓመት ጨረሰ፣ ከዚያ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ አጠና። ዶክትሬቱን በ1925 ያዘ።

ያቋረጠበትን ጊዜ እንደ ብክነት የሚያዩት አሉ። እኔ በጣም የጠቀመው ይመስለኛል። በፋብሪካ ላቦራቶሪ እጁን አፍታቶ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው፤ ኋላ ለአራት ዓመት ያህል ሳይሰለች ሙከራ በሙከራ ላይ ሲደራርብ ያቺ የልጅነት ልምድ ሳታግዘው አልቀረችም።

ከመጀመሪያው ነፍሳት ገዳይ ሲሠራ ነው የኖረው?

አይደለም። በ1925 ጋይጊ የሚባለው የባዝል ኩባንያ ሲቀጥረው ለቀለም ሥራ ነው። ጋይጊ የታወቀው በጨርቅ ማቅለሚያ ነበር። ሙለር ከዕፅዋት ስለሚገኙ ቀለሞችና ስለ ቆዳ ማልፊያ ኬሚካሎች አጠና፤ ነጭ ቆዳ ለማልፋት የሚሆኑ ሰው ሠራሽ ማልፊያዎችም ከዚያ ሥራ ወጡ።

ወደ ነፍሳት የገባው በ1935 ገደማ ነው። ለቀለም ኩባንያ መንገዱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሱፍ የሚያቀልም ኩባንያ ሱፍ የሚበላው ብል ያሳስበዋል። ብል የሚከላከል ነገር ስትፈልግ ደግሞ የሰብል ተባይም አብሮ ይመጣል። በዚያው ሰሞን ሙለር ሜርኩሪ የሌለበት የዘር ማከሚያም ሠርቷል።

ከዲዲቲ በፊት ሰው ተባይን በምን ይገድል ነበር?

ገበሬው በአብዛኛው በአርሴኒክ ነበር የሚረጨው። አርሴኒክ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። ደግሞ ነፍሳቱ ካልበሉት አይሠራም፤ ቅጠል የማይበላ፣ ደም ወይም ፈሳሽ የሚመጥ ነፍሳት ያመልጠዋል። ከትንባሆ የሚወጣው ኒኮቲንም ነበር፣ እሱም አደገኛ ነው።

ከአበባ የሚዘጋጀው ፓይረትረም ግን ጥሩ ነበር። ቶሎ ይጥላል፣ ለሰው ብዙም አያሰጋም። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ጉልበቱ ወዲያው ይጠፋል። ዛሬ የረጨኸውን ነገ እንደገና ትረጫለህ። የሙለር ፍለጋ ከዚህ ጉድለት ነው የተነሳው።

ታዲያ ምን ዓይነት መድኃኒት ነበር የሚፈልገው?

ልኩን ቀድሞ አስቀምጦ ነበር፤ በኖቤል ንግግሩም ዘርዝሮታል። ለነፍሳት ኃይለኛ መርዝ ይሁን። ቶሎ ይሥራ። ለሰው፣ ለእንስሳና ለተክል ጉዳቱ ትንሽ ይሁን። አይለብልብ፣ አይሽተት። ብዙ ዓይነት ነፍሳት ይግደል። ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ ይቆይ። በመጨረሻም ርካሽ ይሁን።

ዲዲቲ ከአንዷ በቀር ሁሉንም አሟላ፤ ያቺም ፍጥነት ናት። ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ልብ ማለት ያለባችሁ ግን «ረጅም ጊዜ ይቆይ» የምትለዋን ነው። በ1939 ይቺ እንደ ትልቅ ጸጋ የተቆጠረች ነበረች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዋናዋ ክስ ሆና መጣች። ሙለር ስለ መቆየቱ የደበቀው ነገር የለም፤ አስቦና ፈልጎ ያመጣው ጠባይ ነው።

ዲዲቲን እንዴት አገኘው?

በትዕግሥት። ለአራት ዓመት ያህል 349 ውህዶችን ሞክሮ አልሆነለትም ይባላል፤ የተሳካው 350ኛው ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ዝንቦችን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያስገባል፣ የሚፈትነውን ውህድ ይረጭባቸዋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያያል። ፍንጭም ነበረው። ከክሎሮፎርም ጋር የሚመሳሰል ቁራጭ ያለባቸው ውህዶች ነፍሳት ላይ ጉልበት ሊኖራቸው ይችላል ብሎ ገምቶ፣ በዚያ ቤተሰብ ዙሪያ ያሉትን እየሠራ ይፈትን ጀመር። ዲዲቲን ለመሥራት የሚያስፈልገው ክሎራልና ክሎሮቤንዚን ነው፤ ሰልፈሪክ አሲድ ያገናኛቸዋል። ሁሉም በርካሽ የሚገኙ ናቸው።

መስከረም 1939 ላይ የሆነው ግን ከግምቱ በላይ ነበር። ዝንቦቹ ወዲያው አልሞቱም፤ ቆይተው ነው የወደቁት። ሳጥኑ ታጠበ፣ አዲስ ዝንቦች ገቡ፣ ምንም ሳይረጭባቸው ግድግዳውን ነክተው ብቻ ወደቁ። እንደገና በደንብ ታጠበ፣ ያው ሆነ። በመጨረሻ ሳጥኑን ፈታቶ፣ አጥቦ፣ ለአንድ ወር ያህል ውጭ አየር ላይ ካሰጣው በኋላ ነው ሌላ ሙከራ መቀጠል የቻለው። ለአንድ ተመራማሪ ሳጥኑ መበላሸቱ ያናድዳል፤ ሙለር ግን የፈለገው በእጁ እንደገባ ያን ጊዜ ነው የገባው።

ዲዲቲን የፈጠረው ሌላ ሰው ነው የሚባለውስ?

እውነት ነው። ውህዱን መጀመሪያ የሠራው ኦትማር ዛይድለር የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። በ1874 ስትራስቡርግ ለዶክትሬቱ ሲያጠና አዘጋጀው፣ ጠባዩን መዘገበ፣ አለፈ። ዝንብ ላይ የሞከረው አልነበረም፤ የሚሞክርበትም ምክንያት አልነበረውም። ውህዱ 65 ዓመት ወረቀት ላይ ተቀመጠ።

ስለዚህ «ሙለር ዲዲቲን ፈለሰፈ» ማለት ስህተት ነው። ነፍሳት ገዳይ መሆኑን አገኘ ነው የሚባለው። የኖቤል ኮሚቴውም ጠንቀቅ ብሎ ነው የጻፈው፤ ሽልማቱ የተሰጠው ዲዲቲ ብዙ ነፍሳትን በመንካት የሚገድል መርዝ መሆኑን ስላገኘ ነው።

ነፍሳቱን እንዴት ነው የሚገድለው?

ዲዲቲ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። የነፍሳት ቆዳ ቅባታም ስለሆነ ከእግራቸው ጀምሮ ዘልቆ ይገባል። ከዚያ ነርቫቸው ላይ ይሠራል። ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ ሶዲየምን ወደ ነርቩ የሚያስገቡ በሮች ተከፍተው ወዲያው መዘጋት አለባቸው። ዲዲቲ እንዳይዘጉ ያደርጋቸዋል። ነርቩ እንደተጣበቀ የመኪና ጡሩንባ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ነፍሳቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይገለበጣል፣ ይሞታል።

የሰው ቆዳ ዱቄቱን በቀላሉ አያሳልፍም። በዘይት ከተበጠበጠ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ቆዳም ያስገባዋል።

ጦርነቱ ውስጥ እንዴት ገባ?

መጀመሪያ የገባው ድንች ማሳ ነው። ስዊዘርላንድ ጦርነቱ ዙሪያዋን ከቧት ምግብ አሳስቧት ነበር፤ ድንች የሚያወድመውን ጥንዚዛ በዲዲቲ መቱት። ጋይጊ በ1940 የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ለእርሻ የሚሆነውን ጌሳሮል፣ ለቅማል የሚሆነውን ኒዮሲድ ብሎ ሸጠ። በ1942 ናሙናው አሜሪካኖች ዘንድ ደረሰ፤ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ውስጥ ፈተኑትና ለወታደሮቻቸው በብዛት ማምረት ጀመሩ።

ስሙን ያገነነው ኔፕልስ ላይ የሆነው ነው። በ1943 መጨረሻ ከተማይቱ ውስጥ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ተነሳ። ሰዉ በቦምብ መጠለያ ተጨናንቆ ስለነበር ቅማሉ ከሰው ሰው እየተላለፈ ነበር። ሐኪሞቹ ሰውን ልብስ ሳያስወልቁ በእጅጌው፣ በአንገቱ፣ በወገቡ በኩል ዱቄቱን በመርጫ እየነፉ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አዳረሱ። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ ዱቄትም ተጠቅመዋል፣ ጭብጨባውን ሁሉ የወሰደው ግን ዲዲቲ ነው። ወረርሽኙ በክረምቱ፣ በአውሮፓ የብርድ ወራት ማለት ነው፣ መሀል ቆመ። ተስቦ በክረምት ሲነሳ እንዲህ ተቆርጦ አያውቅም ነበር።

ኬሚስት ሆኖ ኖቤሉ ለምን በሕክምና ሆነ?

ሰው ስላዳነ ነው። ከኬሚስትሪ አንፃር ውህዱ አዲስ አይደለም፣ አሠራሩም የረቀቀ አይደለም። የተሸለመው ውጤቱ ነው፤ ተስቦና ወባ። በ1948 የሕክምናውን ሽልማት ከማንም ሳይጋራ ብቻውን ወሰደው።

ሽልማቱ ኑሮውን ብዙ አልቀየረውም። ጋይጊን አልለቀቀም፤ የተክል መከላከያ ምርምር ክፍል ምክትል ዳይሬክተር ሆኖ ቀጠለ። በ1961 ጡረታ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ቤቱ ባለው ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ግሪኮች ውለታውን አልረሱም። አገራቸው በወባ ክፉኛ ትሠቃይ ስለነበር የተሰሎንቄ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ሌላም ሙለር አለ አይደል? ሳሪንን የሠራውስ እሱ ነው?

ሁለቱም ይምታታሉ። በ1946 ኖቤል የወሰደው ሄርማን ጆሴፍ ሙለር አሜሪካዊ የዘረመል ተመራማሪ ነው፤ ኤክስሬይ ዘረመልን እንደሚቀይር ያሳየ። ሁለት ዓመት ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ሽልማት፣ ተመሳሳይ ስም፤ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ታቡንና ሳሪን ከሚባሉት የነርቭ ጋዞች ጋር ደግሞ የኛ ሙለር ምንም ንክኪ የለውም። የነሱ ሰው ጌርሃርድ ሽራደር የሚባል ጀርመናዊ ነው። እሱም የተነሳው ነፍሳት ገዳይ ፍለጋ ነበር። በ1936 ታቡን ላይ ሲደርስ ለሰው እጅግ መርዛም ሆነበትና ነገሩ ወደ ጦር ሠራዊቱ ሄደ። ከዚያው የኬሚካል ቤተሰብ በኋላ ለሰው ቀለል ያሉ ፀረ ተባዮች ወጥተዋል፤ ከዲዲቲ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወባ ግድግዳ ላይ ከተረጩት አንዱ ፒሪሚፎስ ሜቲልም የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ምን ታሪክ አለው?

በ1958 ደጋ ቀመስ አካባቢዎች ድረስ የዘለቀ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 የጀመረው ወባን ከዓለም የማጥፋት ዘመቻ ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በአብዛኛው ዘልሎት ነበር፤ ኢትዮጵያ ከተካተቱት ጥቂቶች አንዷ ናት። የዘመቻው መሣሪያ ዲዲቲ ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የወባ ትንኝ ደም ከመጠጠች በኋላ ከብዷት ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው በካሬ ሜትር 2 ግራም ያህል ዲዲቲ ካለው፣ እግሯ ይነካዋል፣ በቃ። ግን እኮ የጭቃ ቤት ይለቀለቃል። ረጪዎቹ ከሄዱ በኋላ ቤቱ እንዲያምር ብሎ ግድግዳውን በጭቃ የሚመርግ ቤተሰብ መድኃኒቱን ከጭቃው ሥር ይቀብረዋል። ትንኟ ደግሞ ንጹሕ ጭቃ ላይ ታርፋለች።

ኋላ ዲዲቲው እዚያው አገር ውስጥ፣ ስምጥ ሸለቆ ያለው የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ይዘጋጅ ነበር። ትንኟ መድኃኒቱን እየለመደች ስትሄድ ግን ርጭቱ ትርጉም አጣ፤ በ2009 ገደማ በዴልታሜትሪን ተተካ። ያንንም ለመደችው። ከዚያ ወዲህ የሚረጨው ኬሚካል ተደጋግሞ ተቀይሯል።

እንዲህ ከጠቀመ ለምን ተከለከለ?

ለወባ በሚረጨው ሳይሆን ለእርሻ በሚረጨው ነው ጣጣው የመጣው። አሜሪካ ውስጥ ጥጥ ላይ፣ ደን ላይ፣ ረግረግ ላይ በአውሮፕላን ሳይቀር ያለ ልክ ተረጨ። ዲዲቲ አይፈርስም፣ ቅባት ውስጥ ይከማቻል። በውኃ ውስጥ ያለችው ደቃቅ ፍጥረት ትንሽ ትይዛለች፣ እሷን የሚበላው ዓሣ የብዙዎቹን ይሰበስባል፣ ዓሣውን የሚበላው አሞራ ደግሞ የዓሣዎቹን ሁሉ። የአሞራዎቹ እንቁላል ቅርፊት ሳሳ፤ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። የአሜሪካ አርማ የሆነው ራሰ በረድ ንስር ሊጠፋ ደረሰ።

በ1962 ሬቸል ካርሰን የምትባል የባሕር ሳይንቲስት ጉዳዩን ለሕዝብ አወጣችው፣ አገር ተነቃነቀ። አሜሪካ በ1972 እርሻ ላይ መጠቀሙን ከለከለች። በ2001 አገሮች ስቶክሆልም ላይ ተስማምተው እርሻ ላይ መጠቀሙ እንዲቀር፣ ለወባና መሰል በሽታ አስተላላፊዎች ግን በቁጥጥር እንዲፈቀድ ወሰኑ።

ሰው ላይስ ጉዳት አለው?

በአንድ ቀን ሰው የሚጥል መርዝ አይደለም፤ ኔፕልስ ላይ የተነፋበት ሕዝብ ወዲያው አልታመመም። ሥጋቱ የረጅም ጊዜ ነው። ሰውነት ስብ ውስጥ ይቀመጣል፣ በእናት ጡት ወተትም ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 «ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ይታመናል» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል።

እኛን የሚመለከተው ነገር ለግድግዳ የመጣው ዲዲቲ ጫት ላይና ሌላ ሰብል ላይ ሲረጭ መኖሩ ነው። ይሄ በጣም መጥፎ ነገር ነው። ግድግዳ አይበላም፣ ጫት ግን ይቃማል። ደግሞ ዲዲቲን ውኃ ስለማያሟሟው በውኃ አለቅልቆ ማጥራት ዘበት ነው። ጎተራ ውስጥ ባለ እህል ላይ ነስንሱት የሚል ሰው ካጋጠማችሁም አትስሙት።

ሙለር ጉዳቱን ያውቅ ነበር?

አንዱን በሕይወት እያለ አይቷል፤ እሱም መልመድ ነው። ኖቤሉን ከመውሰዱ በፊት ስዊድንና ጣሊያን ውስጥ ዲዲቲ የማይገድላቸው የቤት ዝንቦች ታይተው ነበር። የአካባቢው ጉዳይ የፈነዳው ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ክልከላውን ሳያይ አረፈ።

«ማወቅ ነበረበት» የሚሉ አሉ። እኔ ትንሽ ይከብደኛል። አንድ ነገር አፈር ውስጥ ለዓመታት ሲቆይ የት የት እንደሚደርስ የሚለካ መሣሪያ በ1939 አልነበረም። አውሮፕላን ሞልቶ ደን ላይ የሚያዘንብ ሰው ይመጣል ብሎ መጠርጠርም የአንድ የባዝል ኬሚስት ሥራ አይመስለኝም። ኩባንያዎቹና መንግሥታቱ ላይ ግን ያን ያህል አልራራም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ብዙ ዓመት ሸጠዋል።

ታዲያ ኖቤሉ ለምን አይነጠቅም?

አይቻልም። የኖቤል ደንብ በተሰጠ ሽልማት ላይ ይግባኝ አይቀበልም። ቢቻልም ኔፕልስ ላይ የተረፈው ሰው አይሠረዝም።

«ዲዲቲ በመከልከሉ ሚሊዮኖች በወባ አለቁ» የሚባለው እውነት ነው?

ይህ ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው የሚነሳ ክርክር ነው፤ በምሳሌነት የምትጠቀሰው ስሪላንካ ናት። በዲዲቲ ርጭት የወባ ታማሚዎቿ ቁጥር በ1963 ወደ 17 ሰው ወረደ። 17 ሺህ አላልኩም፣ 17። ከዚያ ርጭቱ ቆመ። በ1969 ወባው ተመልሶ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ያዘ።

ጥያቄው ለምን ቆመ ነው። የከለከለ ማንም አልነበረም፤ የአሜሪካው ክልከላ ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር። የቆመው «በሽታው ጠፍቷል፣ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል» ተብሎ ነው። እንደገና ሲጀመር ደግሞ ትንኟ ለምዳዋለች፤ በ1970ዎቹ ማላታዮን ወደሚባል ሌላ ነፍሳት ገዳይ ዞሩ። እርሻ ላይ የተረጨው ዲዲቲ ትንኟ ቶሎ እንድትለምደው በየአገሩ ስላገዘ፣ የእርሻው ክልከላ የወባውን መድኃኒት ዕድሜ አራዝሟል ብሎ መከራከርም ይቻላል።

አንዳንድ ለጋሾች ክልከላውን ተከትለው ለወባ ርጭትም ጭምር ገንዘብ ለመስጠት ማመንታታቸው ግን ሐሰት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ቤት ውስጥ መርጨትን፣ ዲዲቲንም ጨምሮ፣ እንደገና በግልጽ የደገፈው ለዚህ ነው። ትንኟ ገና ያልለመደችባቸው ቦታዎች ላይ ዛሬም ይሠራል፤ የለመደችበት ቦታ ላይ ግን ፍቃድ ቢኖርህም ግድግዳ ከመቀባት አያልፍም።